አሥራ አራት ወንበር ለጋሽ ደምሴ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን ያነበብኩት በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያነብ ይጮኻል፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ «ወይኔ!» ይላል። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አሥራ አራት ወንበር» የሚል ነበር። ለቅሶው የመጣው ቆይቶ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ ስንሰቀሰቅ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ተማሪ «እህቴ፣ ቶነር አልቆ ነው?» አለኝ።

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ትርሲት እባላለሁ። ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ኮፒ ቤት አለኝ፤ የምኖረው ግን ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ። የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ አምሮ እንዳይመስላችሁ፤ በምርጫው ቀን ስለቀረሁ ነው። በእኛ ሰፈር የቀረ ሰው ይመረጣል።

ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በስታቲስቲክስ ሥራ ላይ የኖሩ፣ መጠይቅ ይዘው በበቅሎም በእግርም አገር ያዳረሱ ሰው ናቸው። ጡረታ እንደወጡ ወደ ሰፈራችን መጥተው አንዲት ክፍል ተከራዩ፤ በወሩ ኮፒ ቤቴ ድረስ መጡና ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ እንድፈቅድላቸው ጠየቁኝ።

«ምን ሊሠሩባት ነው?» አልኳቸው።

«ኮፊሸንት እገምትባታለሁ።»

ሽማግሌ እንቢ አይባልም፤ ቢገምቱስ ምን ይጎዳኛል ብዬ ፈቀድኩ። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። «አየሽ ልጄ፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ተማሪው የገበሬ ማዳበሪያና ምርት መዝግቦ ይመጣል። ማዳበሪያው በአንድ ኩንታል ሲጨምር ምርቱ በስንት ይጨምራል? ያቺ ‘በስንት’ የምትባለዋ ቁጥር ኮፊሸንት ናት። እውነተኛዋን የሚያውቃት እግዜር ብቻ ነው። እኛ እንገምታታለን።» ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙና «ሲደመር ሲቀነስ» አሉ።

ያቺ እጅ ለሁሉ ነገር ትወዛወዝ ነበር። ማኪያቶ ሲያዙ እንኳ «ስኳር አንድ ተኩል» ብለው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ አስተናጋጇ ግራ ገብቷት ስኳሩን ከነዕቃው ታመጣላቸዋለች። ሌላው አመላቸው «ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆመ» ማለት ነው። «ነገ ይመጣሉ?» ስላቸው «ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆመ።» «ጉንፋኑ ተሻለዎት?» «ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆመ፣ አዎ።» አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «ኧረ ጋሽ ደምሴ! ፒያሳ ላይ ባለበት የቆመ ምን አለ? ትናንት ዳቦ የገዛሁበት ቤት ዛሬ አጥር ሆኖ አደረ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ሳቁና «ለዚህ እኮ ነው ሥራችን የከበደው» አሉኝ።

ተማሪዎቹ ጋሽ ቤታ ነበር የሚሏቸው፤ በቀመራቸው ውስጥ ኮፊሸንት የምትጻፍበት ፊደል ቤታ ስለሆነች። አንዱ ጎረምሳ፣ ሱፍ ከነክራቫቱ ለብሶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ መጣ። «ፋዘር፣ አማካሪዬ ኮከብ ይፈልጋል። ቁጥሬ አጠገብ ኮከብ የለም» አላቸው። ኮከብ ማለት ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም ሲባል ኮምፒውተሩ የሚለጥፋት ምልክት ናት።

«ኮከብ ከፈለግህ ወደ ሰማይ ቀና በል፤ ወረቀትህ ላይ የለም» አሉት።

ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። እሳቸው ደግሞ አንጀታቸው አይችልም፤ ሦስት ቀን ሙሉ አስቀምጠው፣ ኮከብ የሌለው ቁጥርም ቁጥር መሆኑን፣ «አላገኘሁም» ብሎ መጻፍ ነውር አለመሆኑን አስተማሩት። ሒሳቡን አንድ በአንድ በእጅ ደገሙለት። የጠየቁት ክፍያ አንድ ማኪያቶ ነው። እኔ በበኩሌ በአራተኛው ቀን ፈነዳሁ። «እርስዎ ለመሆኑ ምን ሆነው ነው? ይህን ያህል ቀን በነፃ! የሰው ልጅ ትንሽ እንኳ ለራሱ አያስብም?» አልኩ፤ ተማሪ በተሰበሰበበት። ወደ ሒሳባቸው ተመለሱ። ያቺን ቀን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ሰው ቢጠይቃቸው ጊዜያቸውን፣ እውቀታቸውን፣ የጠጡበትን ብርጭቆ ሳይቀር ይሰጣሉ። አንድ ነገር ብቻ አይነካባቸውም፤ ቁልፎቿ የተፋቁ፣ በላስቲክ የታሰረች አሮጌ የሒሳብ ማሽን። «ለደቂቃ ያውሱኝ» ብላቸው «ቁጥሩን ንገሪኝ፣ እኔ ልደምርልሽ» ይሉኛል።

ነገሩ የተበላሸው በእድራችን ነው። በአንድ ለቅሶ ላይ ወንበር አንሶ አዛውንት ቆሙ፤ በሚቀጥለው ደግሞ ወንበሩ ተርፎ፣ የተቀቀለው ንፍሮ ሦስት ቀን ተበልቶ አላለቀም። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ግዛው ናቸው፤ ፒያሳ ላይ ወርቅ ቤት ያላቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው የሚሄዱ ሰው። በስብሰባ ላይ «ስንት ሰው እንደሚመጣ ማን ያውቃል? እግዜር ነው የሚያውቀው» ሲሉ ጋሽ ደምሴ ከኋላ እጃቸውን አወጡ።

«እኛም መገመት እንችላለን» አሉ።

እድራችን ደንብ አለው። በቀብር ቀን ድንኳን ውስጥ ስም ይጠራል፤ «አቤት» ያላለ አባል ይቀጣል። ከአባል ውጭ የመጣውም ተቆጥሮ ከሥር ይጻፋል። ስለዚህ ማን ሲሞት ስንት ሰው እንደመጣ መዝገባችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። ጋሽ ደምሴ መዝገቡን ወሰዱ፤ ቀጥሎ መጠይቅ አዘጋጅተው የሟቾችን ቤት በየተራ አንኳኩ። እትዬ ሙሉ ቤት ሲሄዱ አብሬ ነበርኩ። እትዬ ሙሉ ጎረቤቴ ናቸው፤ ምላሳቸውን መንደሩ ሁሉ ይፈራዋል።

«እናትዎ በሕይወት ሳሉ ከስንት ጎረቤት ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ጋሽ ደምሴ፣ እናቴን ከመቃብር አውጥተው እንደገና ሊያጣሉብኝ ነው?»

«ዕቃስ ያውሱ ነበር? ድስት? መሰላል?»

«መሰላላችን እኮ የሰፈሩ ነበር! ቤታችን ያደረበትን ቀን አላስታውስም።»

ጋሽ ደምሴ ይህንን ሁሉ ጻፉ። ሁለት ወር ተቀምጠው ገመቱ። ከዚያ የሠሩት ስህተት፣ ያው የቢሮ ሰው ናቸውና፣ ውጤቱን በትልቅ ወረቀት ጽፈው የእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ሟች በሰፈሩ የኖረበት ዓመት፣ ለየዓመቱ አንድ ለቀስተኛ። ልጅ፣ ለየራሱ ስድስት። ጠብ፣ ለየጠቡ ሁለት ይቀነሳል። ድስት ማዋስ፣ ሦስት። ሥልጣን፣ ዜሮ። መሰላል ማዋስ፣ አሥራ አንድ።

ወይ ጉድ! በማግስቱ ሰፈሩ ወረቀቱ ሥር ቆሞ በጣቱ ይደምር ነበር። ሰዉ ሁሉ ገና በሕይወት ሳለ የራሱን ለቀስተኛ ያሰላል። እትዬ ሙሉ «ዘጠና ሰባት ነኝ» እያሉ፣ እንደ ደም ግፊት ውጤት፣ ለሁሉ ያወራሉ። አቶ ግዛው ሁለት ጊዜ ደምረው ፊታቸው ቀላ።

«ሃያ ሁለት? እኔ ግዛው? መንገድ ላይ ቆሞ ባርኔጣ የሚያነሳልኝ ብቻ በቀን መቶ ነው!»

በሦስተኛው ቀን አቶ ግዛው ረጅም የብረት መሰላል አስጭነው መጡ። በሬን አንኳኩ።

«ትርሲት፣ መሰላል አያስፈልግሽም?»

«የእኔን ጣሪያ ቆሜ በእጄ እነካዋለሁ እኮ፣ አቶ ግዛው።»

«ግድ የለም፣ ለአንድ ቀን ውሰጂው። መዋስሽን ብቻ ፈርሚልኝ።»

ሌላውም ሰማና መሰላል ገዛ። የቻለ የብረት፣ ያልቻለ ከባሕር ዛፍ አስመታ። አንድ ጠዋት ልወጣ በሬን ብገፋው እንቢ አለኝ፤ ለካ ሦስት መሰላል ተደግፎበት አድሯል፤ በመስኮት ወጣሁ። አዋሹ በዝቶ ተዋሽ ጠፋ። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ከሰላምታ በፊት «መሰላል ልስጥህ?» ይባባል ነበር፤ ሁለት ሰዎች «እኔ ቀድሜያታለሁ፣ የእኔን ነው የምትዋሰው» ተባብለው በአንዲት መበለት ደጃፍ ሊደባደቡ ሲሉ በሽማግሌ ተገላገሉ።

ጋሽ ደምሴ ስብሰባ አስጠርተው ጭንቅላታቸውን ይዘው ተነሡ። «ወገኖቼ፣ መሰላሉ አይደለም! መሰላል ያለው ሰው ቤት ሰው ይገባል፤ ሲገባ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ይጫወታል፤ አንዱ ከሌላው አንድ ነገር ያተርፋል። ለቀስተኛውን የሚጠራው ያ ነገር ነው። መሰላሉ ከእሱ ጋር አብሮ ሲሄድ ታየ እንጂ ራሱ ምንም አያውቅም።»

«ያ ነገር ምንድን ነው?» አሉ አቶ ግዛው።

«እሱን የሚለካ ጥያቄ አልጻፍኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ታዲያ እኔ መሰላሌን ምን ላድርገው?»

የሚገርመው ግን ግምቱ ሠራ። ከወር በኋላ አንድ አዛውንት ዘበኛ አረፉ፤ ጋሽ ደምሴ ስልሳ አንድ አሉ፤ ስልሳ ሦስት ሰው መጣ። ወንበርም ንፍሮም ልክ ሆነ። ከዚያን ቀን ወዲህ በመዝገቡ ላይ አራት ዓምድ አሰመሩልኝ፤ ግምት፣ የመጣ፣ ልዩነት፣ ምክንያት። «ልዩነቱን እንዳትደብቂው፣ ትርሲት» አሉኝ። «ሳንጠይቀው የቀረነው ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።» ከሁሉ በላይ ያመኗቸው ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አቶ ግዛው ናቸው። «ስንቱ ሲያሞካሸኝ፣ ፊት ለፊት ሃያ ሁለት ነህ ያለኝ ወንድ እሳቸው ብቻ ናቸው» ይሉ ጀመር።

ከዚያ ሰፈሩ ይፈርስ ጀመር። የእኛ መደዳ ተረፈ፤ ከእኛ በታች ያለው ግን ተነሥቶ፣ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ጋሽ ደምሴም እየከሱ ሄዱ። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ፣ ኮፒ ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ የታጠፈች ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

«ትርሲት ልጄ፣ ሰዓቱ ሲደርስ አሥራ አራት ወንበር ይበቃኛል። እድሩን በከንቱ አታሸክሚ።»

«ምን ይላሉ እርስዎ! ደግ ደጉን ያውሩ እንጂ!»

«ተሰልቷል። ልጅ የለኝ፣ በሰፈሩ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ መሰላል የለኝ፣ ድስት የለኝ፣ ጠብ አንድ።»

«ጠብ? እርስዎ ከማን ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

«ከአንቺ ጋር። ያን ጊዜ፣ ለባለ ኮከቡ ልጅ በነፃ ስሠራ።»

«እሱ ጠብ ነው እንዴ? ቁጣ ነው እንጂ! ይሰርዙት፣ በሞቴ!»

«ዳታ አይሰረዝም።»

ሁለት ሰው ከለቀስተኛቸው የቀነስኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ሳላስበው የወረደብኝን ዕዳ አያችሁልኝ? ለመንኳቸው። «እሺ ያቺን ማሽን ያውሱኝ፤ ማዋስ ተብሎ ይጻፍ፤ ከአሥራ አራት ፈቀቅ ትበል» አልኳቸው። «ለቁጥር ብዬ አላውስም» አሉ። ከዚያ ዝናቡን እያዩ፣ እጃቸውን ሳያወዛውዙ፣ «መሞቱን አልፈራም» አሉኝ። «የምፈራው ስም ሲጠራ ነው። አንቺ ስም ትጠሪያለሽ፤ አቤት የሚል ይጠፋል፤ ድንኳኑ ዝም ይላል። እሱን ዝምታ ነው የምፈራው።»

ምን ብዬ ላጽናናቸው? ማኪያቶ አዘዝኩላቸው። የዝምታውን ነገር በሆዴ ያዝኩት፤ የአሥራ አራቱን ወንበር ምስጢርም ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእትዬ ሙሉ ብቻ ነው የነገርኩት። ለእትዬ ሙሉ መንገር ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል።

ሆስፒታል በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከትራሳቸው ሥር ማሽኗን አውጥተው ከነላስቲኳ መዳፌ ላይ አኖሯት። ልቤ በደስታ ዘለለ። «ተዋስኩ ብዬ ልጻፍ?»

«አይደለም። ሰጠሁሽ። መስጠት መጠይቁ ላይ የለም» አሉኝ፤ ፈገግ ብለው። ያቺ እጅ አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አለች። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነበር።

የቀብሩ ዕለት ማለዳ መቶ ወንበር እንዲወጣ አዘዝኩ። አቶ ግዛው መጋዘኑ በር ላይ ቆመው አልንቀሳቀስ አሉ።

«ኑዛዜ ነው፣ ትርሲት። አሥራ አራት ብለዋል፣ አሥራ አራት ይወጣል። ሰውዬው ተሳስተው አያውቁም። ሬሳቸው ሳይወጣ ልታሳስቻቸው ነው?»

«ለዘበኛው ስልሳ አንድ ብለው ስልሳ ሦስት አልመጣም?»

«እሱማ ሲደመር ሲቀነስ ነው!»

ተሸነፍኩ። በትልቁ ድንኳን ውስጥ አሥራ አራት ወንበር ተደረደረ፤ ሜዳ ላይ የወደቀ ቁልፍ ይመስል ነበር። ዘመድ ስለሌላቸው «እግዜር ያጽናሽ» የሚባለው ለእኔ ሆነ። ከዚያ ሰው ይመጣ ጀመር። ከየኮንዶሚኒየሙ፣ ሁለት ሦስት አውቶቡስ ቀይሮ የመጣ የድሮ ጎረቤት። ተማሪዎች፤ ጥቁር ልብስ የለበሱ መምህራን፤ ባለ ኮከቡ ጎረምሳ እንኳ፣ ዛሬ ራሱ አማካሪ ሆኖ፣ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። እኔ በደስታ ልቅሶዬን ረሳሁ። ግን ማንም ወደ ድንኳኑ አይገባም።

ወጥቼ ባይ አቶ ግዛው በሩ ላይ ቆመው ይቆጥራሉ። «አሥራ አራት ሞልቷል! አንድ ሲወጣ አንድ ይገባል! ወረፋ ያዙ!» ሕዝቡም፣ ጉድ በሉ፣ ተሰልፏል። ሰልፉ በአጥሩ ታጥፎ እስከ ድልድዩ ይደርሳል። አላፊ አግዳሚው «ምን ይታደላል?» ሲል የእኛ ሰው «ኧረ ታክሲ እየጠበቅን ነው፤ ለቅሶ አልመጣንም» ይላል፤ ዓይኑ በእንባ ቀልቶ! የአቶ ግዛውን መሰላል አጥሩ ላይ አስደግፈው እየተፈራረቁ ወጥተው ሬሳውን የሚሰናበቱም ነበሩ። መሰላሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በእውነት ተዋሰው።

ስም መጥሪያው ሰዓት ደረሰ። መዝገቡን ገልጬ ጀመርኩ። ውስጥ ያሉት «አቤት» አሉ። አሥራ አራተኛው «አቤት» ካለ በኋላ ያለውን ስም ጠራሁ፤ ዝም። የሚቀጥለውን፤ ዝም። ከሸራው ውጭ ቆመው ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ግን ማንም አይመልስም። ቅጣቱን ሊቀጡ ቆርጠዋል፤ የጋሽ ደምሴን ግምት ላለማፍረስ። እትዬ ሙሉን ጠራሁ፤ እትዬ ሙሉ! ተናግረው የማይጠግቡት ሴትዮ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ዝም አሉ።

ድንኳኑ ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው፤ ልክ እንደ ነገሩኝ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። መዝገቡን ወንበሩ ላይ ወርውሬ ወደ በሩ ሄድኩና ጮኽኩ። «እናንተ ሰዎች፣ ነፍስ አላችሁ? እኚህ ሰው በዕድሜያቸው የፈሩት አንድ ነገር ይህ ነው! ስም ተጠርቶ አቤት የሚል እንዳይጠፋ ነው የፈሩት! እናንተ በፍቅር ገደላችኋቸው! ይሳሳቱ! አንድ ቀን እንኳ ይሳሳቱ!»

አቶ ግዛው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ከበሩ ገለል አሉና፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም የእትዬ ሙሉን ስም ደግሜ ጠራሁ።

«አቤት!» አሉ እትዬ ሙሉ። ድልድዩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ስም መጥራት አላስፈለገኝም። ያልተጠራው ሁሉ፣ አባል ያልሆነውም፣ ተማሪውም፣ አንድ ላይ «አቤት! አቤት!» እያለ ይገባ ጀመር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ የዚያን ቀን እንባ ማንንም አልገደደውም። ወንበር የለም፤ ሁሉም ቆመ።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ መዝገቡን ሞላሁ። ግምት፣ አሥራ አራት። የመጣውን በእሳቸው ማሽን ደመርኩት፤ ቁጥሩን ስላላመንኩት ደግሜ ደመርኩት፤ ሁለቴም ሦስት መቶ ስምንት። ልዩነቱን ሳልደብቅ ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው ዓምድ ላይ ብዙ ካሰብኩ በኋላ «መስጠት መጠይቁ ላይ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ልዘጋው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ስቆጥር ራሴን አልቆጠርኩም። በዚያች ጠብ ሁለት ቀንሼባቸዋለሁ፤ አንዱን እንኳ ልመልስ ብዬ፣ ሦስት መቶ ስምንቱን ሰርዤ አንድ ጨመርኩ።